የአባዬ ወንበር

ለአልጋ ወራሹ ወንድሜ ለፍሮምሳ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም ቤተ መንግሥት ሰላምታዬ ይድረስህ። አንድ ከባድ ወንጀል ልናዘዝልህ፦ ይህን የምጽፍልህ የአባዬ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ዛሬ ቲቸር ገዲሴ ስለ ዘውድ አገዛዝ ሲያስተምሩ፣ «ሳይመረጥ ዕድሜ ልኩን የሚገዛ ንጉሥ ዛሬ የት አለ?» አሉ።

«እኛ ቤት! ሪሞቱን ከእሱ በቀር ማንም አይነካም» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ያልነገርኳቸው፣ ግርማዊነታቸው ሰሞኑን ሪሞቱን በገዛ እጃቸው ሰጥተውኛል፤ ዜና እንኳ አያዩም። ደረጃውንም በየፎቁ ተቀምጠው እያረፉ ነው የሚወጡት። አልጋ ወራሽ ከንጉሡ መራቅ የለበትም ያሉት ደግሞ ቲቸር ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። በል ደህና ሁንልኝ፣ በዓል ሳትጠብቅ ብቅ በል። ታማኝ አገልጋይህ...

ኧረ ተያዝኩ! አባዬ በሩን ተደግፎ «ኦብሴ!» አለኝ። ዘልዬ ልነሳ ስል፣ «ተይው ልጄ፣ ተቀመጪ» አለ።