የአክስት ልጅ ተብዬ ሸኘሁሽ

ውድ ኮርትኒ፣

መርዶሽን የያዙት ሁለት መኮንኖች የመጡት ወደ እኛ ቤት አልነበረም። ሦስት ሰዓት ተነድቶ የሚደረስበት እናትሽ ቤት ነው የሄዱት። እኔ ሥራ ቦታዬ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ የደንበኛ ፀጉር እያጠብኩ ነበር። ስልኬ ሲጠራ እናትሽ እማማ ኦፓል ናቸው፤ ካወቁኝ ወዲህ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ደውለውልኝ የማያውቁት እማማ ኦፓል።

"አንቺ ልጅ፣ ቁጭ ብለሻል?" አሉኝ።

የቀረውን ሳይነግሩኝ ገባኝ። ሴትዮዋን ፀጉሯ አረፋ እንደያዘ ትቻት ወጣሁ።

ተቆጥቼብሻለሁ፤ አልደብቅሽም። ጦሩ እንደኛ ሴት ከሴት የሚዋደዱትን በአንድ ቃል በሚያባርርበት ዘመን፣ ብትሞቺ ለማን ይነገር የሚለው ፎርም ላይ "የአክስት ልጅ" ብለሽ የጻፍሽኝ ጊዜ አብረን ስቀናል። በኋላ ያ የጦሩ ሕግ ተነሣ። እንዲህ ያለው ጋብቻ ወደሚፈቀድባት ዋሽንግተን ሄደን ተጋባን። ፎርሙን አስተካክዪ ብዬ ስንቴ ነዘነዝኩሽ? "ከአፍጋኒስታን ስመለስ፤ ምን አስቸኮለሽ?" አልሽኝ። ይኸው።

ለቀብሩ የተመደበውን ሻምበል ደውዬ አስከሬንሽን ልቀበል ብዬ ለመንኩት። ልጁ ክፉ አይደለም።

"ይቅርታ እመቤት፣ ሚስቴ ብላ ጽፋ ቢሆን እንኳ የአገሪቱ ሕግ ገና ጋብቻችሁን አያውቀውም። አስከሬኗን ለመቀበል የሚገባው እናቷ ያስመዘገቡት ሰው ብቻ ነው።"

እናትሽ ደግሞ እንዲህ አሉኝ፦ "እንደ አክስቷ ልጅ ሆነሽ ከመጣሽ አስመዘግብሻለሁ። ሌላ ነገር ከተነፈስሽ ግን ወንድሜ ዊልበር ከበር ይመልስሻል። ምርጫው ያንቺ ነው።"

ምርጫ አሉት! ወይ ሚስትሽ ሆኜ ቤቴ መቅረት፣ ወይ ዘመድ ሆኜ አንቺን ማየት። ሄድኩ። ደረቴ ላይ "የአክስት ልጅ" የሚል ወረቀት አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ለጠፉልኝ። ነጭ ጓንት ያጠለቁ ስድስት ወታደሮች ከአውሮፕላኑ ይዘውሽ ሲወርዱ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። መጮህ የሚፈቀደው ለእናት ብቻ ይመስል ነበር። የጦሩ ቄስ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ትቀራረቡ ነበር?" ሲለኝ ምን ብዬ መለስኩ መሰለሽ? "አዎ፣ አብረን ነው ያደግነው፤ ክረምት ክረምት አያታችን ቤት ነበርን።" ያልነበረ አያት ፈጠርኩ። አጎትሽ ዊልበር በእርካታ ራሱን ነቀነቀ። ኮርትኒ፣ እዚያው አስፋልቱ ላይ፣ አንቺ እየሰማሽ ካድኩሽ። ይህን ልናዘዝልሽ ነው የምጽፈው።

የቀብሩ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የታደለው ወረቀት ላይ "ትዝታ፤ እባካችሁ ሁለት ደቂቃ ብቻ" ይላል። ከሥሩ ተናጋሪዎቹ ተዘርዝረዋል፦ እንደ ጎረቤት እገሊት፣ እንደ ጓድ እገሌ፣ እንደ ዘመድ ዲየድራ። ደንቡን ታውቂዋለሽ፤ ሁለት ደቂቃ ያለፈ ሰው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ሙዚቀኛ እትዬ ቬልማ ኦርጋናቸውን ያስነሡበታል፤ ያን ጊዜ አፍ መዝጋት ነው።

ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ ወደ ፊት ሄድኩ። ሣጥንሽ እጄን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ላይ ነው።

"ዲየድራ እባላለሁ" አልኩ። "ወረቀቱ ዘመድ ይለኛል። ዘመዷ አይደለሁም። ሚስቷ ነኝ።"

ከኋላ አንድ ሰው "ኧረ በጌታ!" አለ። ገና ሃያ ሰከንድ ሳይሞላኝ ኦርጋኑ ጀመረ። አጎትሽ ዊልበር ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ፤ ክንዴን ያዘኝ። የሚያወጣኝ መሰለኝ፤ ሣጥንሽን በሌላው እጄ ጨብጬ አለቅም አልኩ።

"ዊልበር!" አሉ እናትሽ ከፊት ወንበር፣ ሳይነሡ። "ልቀቃትና ተቀመጥ። ሁለት ደቂቃዋ አላለቀም። ቬልማ፣ አንቺም እጅሽን ሰብስቢ።"

ወደ እኔ ግን አላዩም። እኔም የቀረኝን ጊዜ ተናገርኩበት። እንቁላል ስትጠብሺ ሁልጊዜ እንደምታሳርሪና ሁልጊዜ ምድጃውን እንደምትወቅሺ፣ ጫማሽን በር ላይ ጥለሽ ስንቴ እንዳደናቀፈኝ፣ ስትፈሪ ጣቴን እንደምትይዢ ነገርኳቸው። ጥቂቶች ሳቁ። ሦስት ሰዎች ወጥተው ሄዱ።

መቃብሩ ላይ ሣጥንሽን የሸፈነው ባንዲራ ተጣጥፎ ለእናትሽ ተሰጠ። ወሰዱት፤ ደረታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ለኔ የሚሰጥ አልነበረም። ሻምበሉ አንገቱን ደፍቶ በፊቴ አለፈ። ከዚያ ወዲህም ከጦሩ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ለእሳቸው ነው። እናትሽም ተመልሰው አልደወሉልኝም። ታረቅን ብዬ አልዋሽሽም።

በቀብሩ ማግስት ግን በሬ ተንኳኳ። እትዬ ቬልማ ናቸው፤ ያን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን ነድተው፣ የስኳር ድንች ኬክ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ትናንት ላሳፈሩኝ ይቅርታ የሚጠይቁ መስሎኝ ጠበቅኩ። አልጠየቁኝም። በእኛ አገር የሐዘን ምግብ ለማን ቤት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ።

"ያዢ እንጂ፣ እጄ ዛለ" አሉኝ። "ይሄ የሚስት ነው። ለእናቷ ሌላ ጋግሬያለሁ።"

ሚስትሽ፣
ዲየድራ