ስለ ሸራውና ስለ አጎበሩ

ከርስቲ፣

ፊንሌይ መጥቶ ሳይወስድሽ ወደ እህቴ ወደ ኢንቨርነስ ሄጃለሁ። ስትወጡ ማየት አልፈለግሁም።

ድንኳኑን ተዪው፣ ተራራው ላይ ይከብድሻል። ከበሩ ጀርባ የሰቀልኩትን ስስ ሸራ ውሰጂ። በምርኩዞቻችሁ ወጥሩት፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ጠርዙን እስከ መሬት አውርዱት። ፊንሌይ «ከፍ እናድርገውና ሐይቁን እያየን እንተኛ» ይልሻል። እሺ እንዳትዪው። አምና አብረን ሳለን እሺ ብዬው በስብሰን አደርን።
ስንስቅ ነው የነጋው። ይህን አልነገረሽ ይሆናል።

ሸራው ዝናብ እንጂ ትንኝ አያስቆምም። ነፋሱ ጋብ ሲል ትንኙ እንደ ጭስ ነው የሚወርድባችሁ። ባለፈው «አጎበርሽን ታውሺናለሽ?» ስትዪኝ «ተቀዷል» አልኩሽ። አልተቀደደም። እኔው ነኝ የሰፋሁት፤ ፊንሌይን ወለሉ ላይ አስተኝቼ፣ ትከሻውን በክር ለክቼ። ከአጠገቡ የተረፈው ቦታ የእኔ ልክ ነበር።

«አብሬው ብሄድ ቅር ይልሻል እንዴ?» ብለሽም ጠይቀሽኛል። «ኧረ እኔ ምን አገባኝ» አልኩሽ። ያጠብኩትን ድስት መልሼ ሳጥብ ግን አላየሽም።

ለማንኛውም በትንኝ ስትበዪ ዝም ብዬ አላይም። ያውም ቆዳሽ ቶሎ ያብጣል። አጎበሩ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ነው። ትናንት አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ መሃል ለመሃል ቆርጬ ሁለት አድርጌዋለሁ። አንዱ የአንቺ፣ አንዱ የእሱ ነው። ለየብቻ ስቀሏቸው።

ትንኝም ሆነ ሌላ ነገር እንዳይገባ ጠርዙን ደርቤ ሰፍቼዋለሁ።

ሞርቨን