ባቡሩን ያቆመው ማነው?

አባዬ፣

ስትለየን ገና ፊደል እየቆጠርሁ ነበር፤ ዛሬ የሰው ልጅ ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እናቴ አጠገብህ አርፋለች። ጣሊያን ከደጀን በሚመጣው መንገድ ዳር የሠራው የካሚዮን ማረፊያ ግድግዳው ብቻ ቀርቷል። ጠላት እንደወጣ ቆርቆሮውን ሰው ተከፋፈለው፤ አሁን ጥጃ ይታሰርበታል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ «ባቡር ጣቢያ» ነው። ልጆች ሐዲዱ የት ሄደ ይሉኛል። ሞተር ያለውን ሁሉ፣ ካሚዮኑንም፣ አንተ የተቀጠርህበትን የጣሊያን ወታደሮቹን ወፍጮም፣ ባቡር እንል እንደነበር እነግራቸዋለሁ።

አንተን የገደለህም ይኸው ቃል ነው። የማርያም ዕለት ወፍጮውን አጥፍተህ ቤትህ ገባህ። ያን ቀን አርበኞች ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ካሚዮን አስቁመው ወታደሮቹን እንደገደሉ አልሰማህም። በማግስቱ ጣሊያኖች የመንደሩን ቤቶች አቃጠሉ፤ ወንዱን ሁሉ ከጣቢያው ግድግዳ ጋር አሰለፉ። አጎቴን ቀና ብለህ አየህ ብለው ጥርሱን በሰደፍ አረገፉት። ከሌላ አገር የመጣው አስተርጓሚ «ትናንት ባቡሩን ያቆመው ማነው?» አለ። ስለ ወፍጮው የጠየቀ መስሎህ «እኔ ነኝ ጌታዬ፤ ማርያም ስለሆነች ነው» አልህ።

ነገሩ የገባህ ሬሳ የጫነውን ካሚዮን ስታይ ነው። እናቴ «ወፍጮውን ነው በላቸው» እያለች ስትጮህ በርግጫ ጣሏት። አስተርጓሚው «ከማን ጋር ነበርህ?» ሲልህ ዞረህ የተሰለፉትን አየሃቸው።

«ብቻዬን» አልህ።

በጣቢያው በረንዳ ወራጅ እንጨት ላይ ሰቀሉህ። ገመዱ ተበጥሶ በሕይወትህ ወደቅህ፤ እንደገና ሰቀሉህ። የተሰለፉትን ለቀቋቸው።

አሁን የቀበሌው ሰዎች ሐውልት ሊያቆሙልህ ነው። «ካሚዮን ያስቆመ አርበኛ» የሚል ጽሑፍ አምጥተው አሳዩኝ። ይህ ልክ አይደለም አልኋቸው። አንዱ እየሳቀ፣ «እኛ ጀግና ስንለው አንተ ባለወፍጮ ትለዋለህ እንዴ የኔታ? ደግሞ እርማት ጀመርህ» አለኝ።

አባዬ፣ ካሚዮን አላስቆምህም። ያቆምኸው ወፍጮ ነው። ይህን ካላረሙ ድንጋዩ አይቁም ብያቸዋለሁ፤ ተቀይመውኛል። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ ለጠየቀኝ ሁሉ የመጀመሪያውን መልስህን ተሳስተህ እንደመለስኸው፣ ሁለተኛውን ግን አስበህበት እንደመለስኸው እናገራለሁ።

ልጅህ