ስም የማይጻፍበት ቅጽ

ሸዋ ሮቢት
የካቲት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለደብሪቱ፣ የአከርካሪ ሐኪም እሆናለሁ ብላ ላይፕዚግ ድረስ ለሄደችው ጉዴ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነን። እናትሽ "በረዶ ላይ ትወድቅብኛለች" እያለች ታስቸግረኛለች፤ እኔም "ብትወድቅ እዚያው ይጠግኗታል" እላታለሁ።

ለጥናትሽ የላክሽው የወገብ ሕመምተኞች ቅጽ ደርሶኛል። የጤና ጣቢያችንን ካርድ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት ስጠብቅ ወገብን በቁጥር የጠየቀኝ ሰው የለም። እንዳልሽው የወደቀውን 1፣ ሸክም የጎዳውን 2፣ የአጥንት ነቀርሳውን 3፣ ነርቩ የተጫነውን 4 እያልኩ ሞላሁት። ራሴን ፊደል ያስቆጠርኩ ሰው ነኝና አልከበደኝም።

የከበደኝ የእትዬ ፈለቀች ካርድ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከጭነት መኪና ወድቀዋል፣ መንታ ወልደዋል፣ ሰባ ዓመትም ሞልቷቸዋል! አስጠርቼ ብጠይቃቸው፣

"ጋሼ ይልማ፣ ቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት የሰጠው ለእኔ ብቻ ነው። ወገብ ግን ጎረቤቶቼም አላቸው" አሉኝ።

አንዱን ካርድ ለሦስት ሰው ከፈልኩልሽ። ያ ኮምፒዩተር የምትዪው ማሽን ይህን ብቻውን ይደርስበት ነበር?

ወገብ ወገብ ስል የሮቢ ወንዝ ትዝ አለኝ። መስከረም ላይ ገና እንደሞላ አዝዬሽ ወደ ትምህርት ቤት ሳሻግርሽ ጆሮዬን እንደ ልጓም ይዘሽ "ሂጂ በቅሎ!" ትይኝ ነበር። መሀል ላይ ቆሜ "በቅሎዋ ደክሟታል፣ ብርቱካን ካልተሰጣት አትሄድም" ስልሽ ያቺ ለቅሶሽ! ብርቱካኑን ግን አንድ ቀን እንኳ ሰጥተሽኝ አታውቂም።

ስም እንዳይጻፍ ብለሻል፤ አልጻፍኩም። ቅጹ ላይ ሠላሳ አንደኛውን ሰው ግን ደህና አድርገሽ እዪው። ዕድሜ ሃምሳ ሁለት፣ ሥራ ካርድ ክፍል፣ የሕመሙ ቁጥር 4። ግራ እግሩ ከደነዘዘ አራት ወሩ ነው። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርግ ጽፎለታል፤ እሱ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ አጥፎ ሰው ያስቃል። "ውጤት" የሚለውን ዓምድ ባዶ የተውኩት ረስቼ አይደለም። እንደሱ ካሉት ውስጥ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በእግራቸው የሄዱት ስንት እንደሆኑ ማሽንሽን ጠይቂልኝ። ጥቂት ቢሆኑም እውነቱን ጻፊ። ደብዳቤሽ ከደረሰው በፋሲካ ማግስት ይሄዳል። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ።

እመቤቴ ማርያም እጅሽን ታጽናልሽ፤ የነካሽው ሁሉ ይዳን። በቅሎዋ ብርቱካኗን ትጠብቃለች።

አጎትሽ፣
ቁጥር 31