ሽታንና በሽታን የለዩት የወይዘሮ ዋጋነሽ ጉተማ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዋጋነሽ ጉተማ ከአባታቸው ከአቶ ጉተማ ቀጄላና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተጻድቅ ወልደ አማኑኤል፣ በዚያን ጊዜ ጅብ ከሰው እኩል ይመላለስበት በነበረው በሳንሱሲ፣ ሚያዝያ 23 ቀን 1955 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በኦሮምኛ፣ እናታቸው በአማርኛ ይቆጧቸው ስለነበር ገና በልጅነታቸው በሁለቱም ቋንቋ መልስ መስጠት ችለው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አስኮ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ዘጠነኛን ያልቀጠሉት ሰንፈው ሳይሆን አባታቸው ስለታመሙ ነው። ይህን ራሳቸው በየጊዜው ያስታውሱን ስለነበር እዚህም መጻፍ ግድ ሆኗል፤ የሒሳብ ውጤታቸውን ግን አንድም ቀን አሳይተውን አያውቁም።

በ1973 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል ላውንደሪ ተቀጠሩ። እዚያም የውኃ ማሞቂያውን ይጠብቁ ከነበሩት ከጎጃሜው ከአቶ ሰይፈሥላሴ የኔሰው ጋር ተዋወቁ። አቶ ሰይፈሥላሴ ዝምተኛ ሰው ስለነበሩ ፍቅራቸውን የገለጹት በባልዲ ነው። የሌላው ሠራተኛ ውኃ ለብ ሲል የዋጋነሽ ግን ይፋጅ ነበር። ነገሩ የገባቸው እጃቸው ከተላጠ በኋላ ነው ይባላል። በ1976 ዓ.ም. ተጋብተው ቤቴል ጎጆ ቀለሱ፤ ሀብተሥላሴንና ማርያማዊትንም ወለዱ። አቶ ሰይፈሥላሴ በ2005 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ዋጋነሽ ሙቅ ውኃ በቀዱ ቁጥር ስማቸውን ሳያነሱ ቀርተው አያውቁም።

በ1998 ዓ.ም. ኮልፌ ወደሚገኝ አንድ የአምቡላንስ ጣቢያ ተዛወሩ። ወረቀታቸው «የጽዳት ሠራተኛ» ይላል። ይሁን እንጂ አምቡላንስ ማጠብ ቤት እንደማጠብ ነው የሚል ሰው ከገጠማቸው የያዙትን መወልወያ አስቀምጠው ያስረዱት ነበር። በዚያ ቃሬዛ ላይ በቀን ስምንት ሰው ይተኛል። የመጀመሪያው ያስታወከውንና ያሳለውን ስምንተኛው ይዞት ቤቱ እንዳይገባ በመካከል የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው እሳቸው ነበሩ። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ መጠበቅ። ሾፌሮቹ በሦስተኛው ደቂቃ መኪናው እኮ ምንም አይሸትም ማለት ይጀምራሉ። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ሽታው ለቀቀ ማለት በሽታው ለቀቀ ማለት አይደለም።»

የጣቢያው ነባር ሾፌር አቶ ሙሐዲን ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው መሪያቸውን ያለበሱትን ፀጉራም የመሪ ልብስ ወይዘሮ ዋጋነሽ ገፈው ጣሉባቸው፤ በሽተኛ በያዙበት ጓንት መሪ እየጨበጡ ያንን ሁሉ ፀጉር የበሽታ ጎጆ አድርገውታል ብለው። አቶ ሙሐዲን ለሳምንት ያህል አኮረፉ። ዛሬ ግን አዲስ ሾፌር ሲመጣ ጓንትህን አውልቅ እያሉ የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።

አሁን ስለ ወይዘሮ ብዙነሽ መናገር ይገባል። የወይዘሮ ዋጋነሽን ታሪክ ያለ እሳቸው መጻፍ አይቻልም፤ ደግሞም ይህ ሲጻፍ አጠገብ ተቀምጠው ምንም እንዳይዘለል አዘዋል። ሁለቱ ቤቴል ውስጥ ግድግዳ ተጋርተው የኖሩ ጎረቤታሞች ነበሩ። ማርያማዊት የሁለቱንም ጡት ጠብታ ነው ያደገችው።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት የወይዘሮ ብዙነሽ እናት ብርቱ ተቅማጥና ትውከት ያዛቸው። ወይዘሮ ዋጋነሽ አምቡላንስ ጠርተው አብረው ሄዱ። ነገር ግን እኚያ ደግ እናት ሆስፒታል በደረሱ በሰዓታት ውስጥ አረፉ። አምቡላንሱ ወይዘሮ ብዙነሽን ይዞ ሲመለስ ሰፈሩ በር ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ወይዘሮ ዋጋነሽ በሽታው ለቅሶ ደራሹን ሁሉ እንዳያዳርስ ሰጉ። ስጋት ደግሞ አፍ ያዘጋል። አንድ ቃል ሳይተነፍሱ የሟችን ጋቢ ከወይዘሮ ብዙነሽ ትከሻ ላይ አንስተው በረኪና ውስጥ ነከሩት፤ ወዲያውም በሕዝብ ፊት ቃሬዛውን መፈተግ ጀመሩ። የጋቢው ጥለት ነጥቶ ወጣ። ወይዘሮ ብዙነሽ «እናቴን ተጸየፍሻት» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ለስድስት ዓመት አላናገሯቸውም።

ከዚያ ለቅሶ ቤት አንድም ሰው አልታመመም። ያልታመመ ሰው ደግሞ አያመሰግንም፤ ምን እንደቀረለት አያውቅማ። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተላከ። ወይዘሮ ብዙነሽ አጥፍቻለሁ ትበልና ይውጣልኝ አሉ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ማጠቤ ጥፋት ነው ካልኩማ ነገ ሾፌሮቹ ባልዲዬን ይደፉብኛል ብለው እምቢ አሉ። በእድር ድንኳን ጎን ለጎን ተቀምጠው ዕቃ ሲያጥቡ እንኳ የሚነጋገሩት ከድስቱ ጋር ነበር፤ አንዷ ለድስቱ ትናገራለች፣ ሌላዋ ለድስቱ ትመልሳለች። ቤት ገብተው ግን ወይዘሮ ዋጋነሽ ጆሯቸውን ወደ ግድግዳው አስጠግተው ጎረቤታቸው ያስሉ እንደሆነ ያዳምጡ ነበር። ይህን ማንም የሚያውቅባቸው አይመስላቸውም ነበር።

አሠራራቸውን ግን ዝም ብለው ለወጡ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የማንንም ልብስ ከማንሳታቸው በፊት ምን እንደሚያደርጉና ለምን እንደሆነ ለቤተሰቡ ይናገራሉ። ለአዳዲስ ሠራተኞችም መኪናው ጣቢያ ቢታጠብም በሽተኛው ደጅ ሲደርሱ የኋላውን በር ከፍተው ቃሬዛውን ቤተሰቡ እያየ ደግመው እንዲወለውሉ አስተማሩ። ሰው ሲታጠብለት ይኮራል፣ ሲታጠብበት ያዝናል ይሉ ነበር።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. ላይ በጣቢያው ሬዲዮ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት አድራሻ ተነገረ። የወይዘሮ ብዙነሽ ምራት ነበረች። አቶ ሙሐዲን ለጽዳት ሠራተኛ ወንበር የለም ብለው ሳይጨርሱ ወይዘሮ ዋጋነሽ ባልዲያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሲደርሱ ነርሷ ምራትየዋን ልታይ ወደ ቤት ገባች፤ እሳቸውም የኋላውን በር ከፍተው መወልወል ጀመሩ። ወይዘሮ ብዙነሽ ወጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ወይዘሮ ዋጋነሽ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ያን ቀን ያጠብኩላችሁ መስሎኝ ነበር። አንድ ቃል ሳልነግርሽ ስለሆነ ግን ያጠብኩባችሁ ሆነ። ማጠቤ ጥፋት ነው አልልሽም። ዝም ማለቴ ግን ጥፋት ነው፤ አጥፍቻለሁ፣ ብዙዬ።»

«ይቺን ለማለት ስድስት ዓመት ፈጀብሽ?» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ። ቀጥለውም፣ «በይ ነይ፣ ልጅቷን በዚያ በኩል ደግፊልኝ።»

ሁለቱም ግራና ቀኝ ደግፈው አወጧት፤ ሆስፒታል ደርሳም በሰላም ተገላገለች። አቶ ሙሐዲን እንደሚመሰክሩት ሁለቱ ሴቶች እስከ ሆስፒታሉ ድረስ የስድስት ዓመት ወሬ ስላወሩ ሳይረኑን እንኳ አልሰሙትም።

ወይዘሮ ዋጋነሽ በ2015 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ፤ የጣቢያውን አዲስ ሠራተኞች እየሄዱ ማስተማራቸውን ግን አላቋረጡም። ባለፈው ዓመት የኩላሊት ሕመም ጠንቶባቸው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ወይዘሮ ብዙነሽም ከአጠገባቸው አልተለዩም። ለመጨረሻ ጊዜ አምቡላንስ ሲወስዳቸው ወይዘሮ ዋጋነሽ ጣታቸውን በቃሬዛው ብረት ሥር ሰድደው ፈተሹ። ምንም እድፍ አጡበት፤ የሚቆጡት ሰው በማጣታቸው ቅር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ከቀብር መልስ እጁን ሳይታጠብ ንፍሮ የሚዘግን ሰው እንዳይኖር አስቀድመው ተናዝዘዋልና ቃላቸው ይከበርላቸው።

ወይዘሮ ዋጋነሽ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የሜቲ አያት፣ የወይዘሮ ብዙነሽም እህት ነበሩ። ወላጆቻቸው ሌላ ልጅ አልነበራቸውም፣ እህት ከየት መጣ የሚል ቢኖር፣ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍ ያዘዙት ራሳቸው መሆናቸውን እንገልጻለን።

የማንም ሕመም ለሌላው እንዳይተርፍ የደከሙትን እናታችንን አምላክ ሕመም በሌለበት ስፍራ ያሳርፋቸው። ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጃቸውና ለእህታቸው መጽናናትን ይስጥልን።