የመለስኩት ጉርሻ

ጥር 8
ሳዛጋ መንጋጋዬ ዛሬም ቋ አለ። በግራ በኩል፣ ጆሮዬ ሥር። ቆሎ ከተውኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ስለ ጆሮ ሕመም ያነበብኩትን ይዤ ጆሮዬን ሳሽ ሰነበትኩ። ምንም። ልጄ ሮቤል ድምፁን ሰምቶ "እማ፣ ምንድን ነው የተሰበረው?" አለኝ። ወንበሩ ነው አልኩት። ለምን ዋሸሁ? የሰው አፍ ሲንቋቋ... ያሳፍራል።

ጥር 17
ሽሮ ሜዳ፣ የሮቤል እጮኛ የፀጋ ቤት ሄድን። የመተዋወቂያ ምሳ። አባቷ ሸማኔ ናቸው፤ እናቷ ወይዘሮ ብርሃኔ ጋቢ ይሸጣሉ። ጠዋት መንጋጋዬ ተቆልፎ ነበር፤ አንድ ጣት በግድ ነው የሚያስገባው። ለማንም አልተናገርኩም። አይቡን በትንሽ በትንሹ እየወሰድኩ... ማንም አላወቀብኝም። ከዚያ ወይዘሮ ብርሃኔ ክትፎ በቆጮ ጠቅልለው መጡ። ትልቅ ጉርሻ። "በሞቴ" አሉኝ። ፊቴን አዞርኩ። በቃኝ አልኩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ መልሰው አስቀመጡት።

ጥር 18
የፀጋ እናት "ከሸማኔ እጅ አይበሉም እንዴ?" ብለው አልቅሰዋል፤ ሠርጉ ይቆይ ብለዋል። ሮቤል ነው የነገረኝ፣ ቆሞ። መንጋጋዬን አሞኝ ነው አልኩት። "ስትበዪ አይቼሻለሁ" አለኝ።

ጥር 20
አዲሱ ገበያ፣ ጥርስ ክሊኒክ። ጥርሴን ንቀሉልኝ ልል ነበር የሄድኩት። ዶክተር ኡመይማ ጣቶቿን ጆሮዬ ፊት አድርጋ አፌን አስከፈተችኝ፣ አዘጋችኝ። ጥርሱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የመንጋጋው መገጣጠሚያ ነው አለች። ተኝቼ ጥርሴን እንደማፋጭም ነገረችኝ። በመስታወት አሳየችኝ፤ ጫፋቸው ተበልቷል። ስተኛ የማደርገው ፕላስቲክ በጥርሴ ልክ ይሠራልኛል። ሙቅ ፎጣ መያዝ፣ ለስላሳ ምግብ፣ አፍን በሰፊው አለመክፈት። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። ማስረጃ አገኘሁ ብዬ እየተቻኮልኩ ወጣሁ።

ጥር 21
ወረቀቱን ለሮቤል አልሰጠሁትም። ለምን? እውነቱን ልጻፍ፣ እዚህ ማን ያየኛል... እናቴ ከሸማኔ ቤት ውሃ እንኳ አትጠጡ ትለን ነበር። ያ እጅ ወደ አፌ ሲመጣ ቃሏ ትዝ አለኝ። ለአፍታ ነው። አፌ ቢከፈትልኝ ኖሮ እጎርስ ነበር? እጎርስ ነበር... ይመስለኛል። ይመስለኛል ማለቴ ነው የሚያሳፍረኝ።

ጥር 27
ፕላስቲኩ አፌን ሞላው። ለሃጬን እየጠረግኩ ነው የማድረው።

የካቲት 3
አሁን ሁለት ጣት ይገባል። ብቻዬን ሽሮ ሜዳ ሄድኩ። ወይዘሮ ብርሃኔ ሱቃቸው ውስጥ ጋቢ ያጥፉ ነበር። ስለ መንጋጋዬ ነገርኳቸው። ከዚያ ስለ እናቴ ቃል። የያዙትን ጋቢ አጥፈው ጨረሱ።
"የመንጋጋዎን ብቻ ቢነግሩኝ አምንዎት ነበር። ሌላውን ለምን ጨመሩት?"
"ልጅዎ ቤቴ ልትገባ ነው" አልኩ።
"ልጆቹን አልከለክልም" አሉ። "እኔ ግን ገና አልበረደልኝም።"
እሺ አልኩ። ሐሙስ ለፀጋ ቀሚስ ጥለት ሲመረጥ እንድመጣ ነገሩኝ። ሲነግሩኝ ቀና ብለው አላዩኝም።
እሄዳለሁ።