ግራውን ማን ከፈተው

ውድ ወንድሜ ባፉር፣

በአክስታችን ልጅ እጅ የላክኸውን የእርቅ መጠጥ፣ ጂኑን፣ ጠርሙሱን ሳልከፍት ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሃለሁ። መልእክተኛህን አልተቆጣሁትም፤ ፉፉ አብልቼ ሸኝቼዋለሁ። ጠርሙሱን ብቀበልህ ግን ነገሩ አለቀ ማለት ነው። አላለቀም።

የብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ የሆንክ ዕለት ኩማሲ ገበያ ውስጥ እንደ እኔ የጨፈረ ሰው አልነበረም። ልጄን ኦቸሬን ለቡድኑ ስትመርጠው ግን ፈራሁ። የወለድከው ልጅ ቢሆን ማንም ባላማህ፤ በእኛ ሥርዓት ልጅ የእናቱ ወገን ነው። የእህትህ ልጅ ግን ወራሽህ ነው። የሬዲዮ ሰዎች «አሰልጣኙ ወራሹን አሰለፈ» እያሉ ሲያላግጡብህ ከረሙ። አንተም ከዚህ ሐሜት የምትነጻበትን ቀን ስትጠብቅ እንደነበር አሁን ገብቶኛል።

ቀኑም መጣልህ። አክራ ስታዲየም ራስህ በሰጠኸኝ ትኬት ከተቀያሪዎች ወንበር ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ይህን የረሳኸው ይመስለኛል። እስከ እረፍት አራት ተከላካይ ይዘን አንድ ለዜሮ እንመራ ነበር። ኦቸሬ ሲፈጠር የመስመር አጥቂ ነው፤ ግራ ተከላካይ ስታደርገው ግን ሳያጉረመርም የተጋጣሚዎቻችንን ያንን ፈጣን ልጅ መላወሻ አሳጥቶት ነበር። ከእረፍት በኋላ ሕዝቡ ሁለተኛ ጎል ብሎ ሲጮህብህ አንዱን የመሀል ተከላካይ አውጥተህ አጥቂ አስገባህ። ከኋላ ሦስት ቀሩ። ይህም አልበቃህም፤ ኦቸሬን ወደ ዳር ጠርተህ በቋንቋችን፣

«ወደ ላይ ውጣ። ሳልጠራህ እንዳትመለስ» አልከው።

«አጎቴ፣ ከኋላዬ ማን ይሸፍናል?»

«ተከላካይ አማካዩ አለ። አንተ ሂድ።»

ያ አማካይ ባቱን ጡንቻ ይዞት ከእረፍት ጀምሮ ያነክስ ነበር። እኔ ጨርቅ ነጋዴዋ ያየሁትን አንተ አላየህም አትለኝም። የተሸነፍንባቸው ሁለቱም ጎሎች በዚያው ባዶ ግራ ገቡብን፤ ከማጣሪያው ወደቅን።

በማግስቱ ሬዲዮ ላይ ቀርበህ፣ «የግራ ተከላካዩ ያላዘዝኩትን አደረገ፤ ለራሱ ዝና ሲሮጥ ቦታውን ጥሎ ሄደ። ዘመዴ ነው ብዬ አልሸፍንለትም» አልክ። ሰው ሁሉ አደነቀህ። ወራሹን እንኳ የማይምር ቆራጥ ሰው ተባልክ።

እኔ ሱቄ ውስጥ የምትሠራዋን አኮሱዋን ዕቃ አምጪ ብዬ መጋዘን ልኬያት፣ እሷ በሌለችበት ጨርቅ ቢሰረቅ፣ ሌባዋ አንቺ ነሽ ብዬ ገበያ መሀል አላቆማትም። እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ከዚያ በኋላ የሚሠራለት ሰው አያገኝም። ያንተን ሥራ ግን በእልልታ ይቀበሉልሃል።

አሁን የገበያው ተሸካሚዎች በሱቄ በር ሲያልፉ «ግራው ክፍት ነው፣ ግቡ!» ይባባላሉ። ጎረቤቴ ዓሣ ሻጯ ማታ ስዘጋ፣ «የኦቸሬ እናት፣ ዛሬ እንኳ በግራ በኩል ያለውን ቁልፍ አትርሺ» ትለኛለች። ስቄ አልፋታለሁ። ኦቸሬ ግን አይስቅም። ጋዜጠኞች ደጃችን ቆመው ሲለምኑት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ለምን ዝም ትላለህ ብዬ ስጠይቀው፣ «እማ፣ አጎቴን በአደባባይ ውሸታም ልበለው?» አለኝ። በዚህ ዝምታው እንደምትጠቀም ታውቃለህ፤ ያሳደግነው እንዲህ እንዲሆን ነውና። ኳስ አቁሞ ከእኔ ጋር ጨርቅ ሊሸጥ ወስኗል። ጨርቅ መሸጥ አይችልም፤ ዋጋ ሲከራከሩት ያዝናል። እሱ የሚያውቀው ያንን መስመር ብቻ ነው፤ ያንኑ ነው የቀማኸው።

ጂኑን ወደ እኔ የላክኸው በጓዳ እንዲያልቅልህ ነው። የሰደብከው ሬዲዮ ላይ ነው፤ የምትክሰውም እዚያው ነው። እሑድ በዚያው ዝግጅት ላይ ቀርበህ «ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ» በል። ከዚያ ጠርሙሱን ለኦቸሬ ላክለት። እሱ ከከፈተው ብርጭቆ የማቀርበው እኔ ነኝ።

ካልሆነ ሰኞ ሬዲዮ ጣቢያው የምሄደው እኔ ነኝ። ልጁ የእህትህ ልጅ ነው፤ ሥርዓት አፉን ይይዘዋል። እኔ ታላቅህ ነኝ።

ከተቀያሪዎች ወንበር ጀርባ የነበረችው እህትህ፣
አፍራኮማ